ካምፕ ውስጥ ከቱርኮቹ ጋር የምናወራው ምን ቋንቋ ነበር?

የቦርከናው ልጅ፦
ሰላም ጀማው። ከሚስቴ ጋር ያጨቃጨቀኝን ነገር ይዤ መጣሁ።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር መስመር ሲሠራ፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ካምፕ ሁለት ዓመት ከምናምን ከቱርኮቹ ጋር ሠርቻለሁ። ኮንክሪት ክፍል ነበርኩ። አለቃችን አማርኛ አይችልም፣ እንግሊዝኛም አይችልም። እኔም ብሆን ቱርክኛ የት አባቴ አውቄ! ግን ቀኑን ሙሉ እናወራ ነበር። እንዲህ፦

"አርካዳሽ፣ ነገ ሲሚንቶ ቫር?"
"ዮክ ኡስታ። ትናንት ቢቲ።"

ቫር አለ ነው፣ ዮክ የለም፣ ቢቲ አለቀ። አርካዳሽ ጓደኛ። (ኡስታ የሚሉት ባለሙያውን ነው። የኛ ልጆች መጀመሪያ "ኡስታዝ" መስሏቸው በአክብሮት ጎንበስ ይሉ ነበር።) ከአማርኛ ደግሞ "በላ"ን ወሰዱና ለሁሉም አደረጉት። "እኔ በላ"፣ "አንተ ነገ በላ"፣ "ሁሉ ሰው በላ ቢቲ"። የመጨረሻው ሁሉም በልቶ ጨርሷል ማለት ነው።

ለአረፋ አለቃዬ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። እኔም በዚያው ቋንቋ መለስኩለት። ሚስቴ ሰምታ በሳቅ ፈረሰች። "ይሄ ቋንቋ አይደለም፣ መኮላተፍ ነው" አለች። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። አንዴ አዲስ የገባ ልጅ "ሱ ዮክ" በማለት ፈንታ "ዮክ ሱ" ብሎ፣ ቱርኩም እኛም እኩል ነው የሳቅንበት። ሱ ውሃ ነው። ዝም ብሎ መኮላተፍ ከሆነ ስህተት ከየት መጣ?

ሰኞ ገበያ፦
ወንድሜ፣ ወላሂ ሳነበው ሪያድ ነው ያስታወስከኝ። አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ማዳም፣ ፊሊፒናዋ ልጅ፣ የባንግላዴሹ ሹፌር፣ እኔ። አራታችንም የምንግባባው በአንድ ዓይነት ዓረብኛ ነበር። "ፊ" ካልክ አለ፣ "ማፊ" ካልክ የለም፣ አይደለም፣ አልፈልግም፣ ሁሉንም ይሆናል። "አና ማፊ ማሉም" አላውቅም ነው። ማዳምን እንኳ "ኢንታ" ነበር የምላት፣ ለወንድ የሚባለውን። የሚገርመው እሷም እኔን "ኢንታ" ነው የምትለኝ! ከእናቷ ጋር ስታወራ ግን አንድ ቃል አይገባኝም።

ደሴ ተመልሼ ቁርኣን ልቀራ ሄድኩ። ዓረብኛ እችላለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ። ኡስታዙ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰሙኝና አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። "አብሽሪ፣ ከአሊፍ እንጀምራለን" አሉኝ። ያን ቀን እንዴት እንዳፈርኩ!

መምህሩ፦
እህቴ፣ ምንም አያሳፍርም። የተናገርሽው የባህረ ሰላጤው ፒጂን ዓረብኛ ይባላል፣ ምሁራን ያጠኑት ነገር ነው። ፒጂን ማለት የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ሰዎች ለሥራ ወይም ለንግድ ሲገናኙ የሚፈጥሩት ቀለል ያለ መግባቢያ ነው። የማንም አፍ መፍቻ አይደለም። ግስ አይረባም፤ ጊዜውን "ነገ" እና "ትናንት" ይናገሩለታል። ልክ እንደ "ነገ በላ"።

በሰሜን ኖርዌይ ጠረፍ የሩሲያ ነጋዴዎችና የኖርዌይ ዓሣ አጥማጆች በበጋ እየተገናኙ ዱቄት በዓሣ ይለውጡ ነበር። የሚያወሩበት ሩሰኖርስክ 400 ገደማ ቃላት ነበሩት። ራሳቸው "ሞያ ፖ ትቮያ" ይሉታል፣ "የኔ በአንተ" እንደማለት። የ1917ቱ (እ.ኤ.አ.) የሩሲያ አብዮት ንግዱን ሲያቆመው ቋንቋውም አብሮ ቀረ። ልጆች አፍ ከፈቱበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል፣ ያኔ ክሪኦል ይባላል። ናይሮቢ ኪቤራ ያሉት ኑቢዎች ቋንቋ የመጣው ከሱዳን ወታደሮች ቀላል ዓረብኛ ነው፤ ዛሬ እናት ለልጇ የምታወራበት ሙሉ ቋንቋ ነው።

የቦርከናው፣ ያንተዎቹ ገና መጀመሪያው ላይ ነበሩ ብል ይሻላል። የቃላቱ ቅደም ተከተል ላይ መሳቃችሁ ግን ትልቅ ነገር ነው። ደንብ መያዝ ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ልጆች፣ አዲስ ነገር አታድርጉት። አባቴ በጣልያን ጊዜ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። ሲያረጅም "ዶማኒ ኖን ላቮራሬ" እያለ ያስቀን ነበር፣ ነገ ሥራ የለም ለማለት። ጣልያን ሲሰማው ግሱ አልረባም ይላል አሉ። ይሄንንም ሀብተማርያም ማርቆስ የሚባሉ ሰው አጥንተውታል። እኔ ጋራዥ ውስጥ የማውቀው ግን ካምቢዮ፣ ፍሬኖ፣ ጎሚስታ ነው። ያ ቃል መዋስ ነው፣ ወሬው አማርኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ መምህር። ባቲ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ስንት ዘመን ሲገበያይ ለምን ፒጂን አልወጣም?

መምህሩ፦
ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የሚመስለኝ ባቲ ላይ ሰዉ የጎረቤቱን ቋንቋ ስለሚለምድ ነው። ግመል ሻጩም ጨው ነጋዴውም ሁለት ሦስት ቋንቋ ይናገራል፣ ይጋባል፣ አብሮ ያድጋል። ፒጂን የሚበቅለው ግንኙነቱ ጠባብ ሲሆን ነው፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ሰው ሲሄድ። ቱርኮቹ ለብቻቸው አልነበር የሚበሉት?

የቦርከናው ልጅ፦
ለብቻቸው ነበር። የነሱ ምግብ ቤት በአጥር ወዲያ።

ለሚስቴ አነበብኩላት። "ኑቢዎቹን አምኛለሁ፣ አንተን ግን ገና ነኝ" አለች። እኔም ቃላቱን ልጻፋቸው ብዬ አንድ አብሮኝ የሠራ ልጅ ጋ ደወልኩ። አሁን ባጃጅ ይነዳል። 60 ስንደርስ ተጣላን። እኔ "ሲሚንቶ ቢቲ" ስለው እሱ "ቢቲ ሲሚንቶ ነው" ብሎ ሙጭጭ። ኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ እሱ ዋሻ ክፍል ነበር። "እኛ ዋሻ ውስጥ እንደዛ ነው የምንለው፣ ኮንክሪቶች ናችሁ የምታበላሹት" አለኝ።