ኔምሰርቨር ለምትቀይሩ፦ የአገልግሎትና የመፈተሻ ጥቆማ

ዶሜይን (የድረገጽ ስም) አንድ ቦታ ገዝታችሁ ዲኤንኤሱን (ስሙን ወደ ትክክለኛው ሰርቨር የሚመራውን ሥርዓት) ሌላ ቦታ ልታስተዳድሩ ካሰባችሁ፣ ከዋጋ በፊት አንድ ነገር እዩ። የኔምሰርቨሩን (ስለ ዶሜይናችሁ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጠውን ሰርቨር) ስም የምታስገቡት እናንተ ናችሁ ወይስ ሲስተሙ ራሱ?

እንዲህ የምለው በማስተርካርድ የደረሰውን አይቼ ነው። የኔትወርኩን የተወሰነ ክፍል ከሚመሩት አምስት ሰርቨሮች የአንዱ ስም መጨረሻ «ነጥብ ኔት» መሆን ሲገባው «ቲ» ተዘልላ «ነጥብ ኤንኢ» ሆነ። ኤንኢ የኒጀር አገር ዶሜይን ነው። ስህተቱ እ.ኤ.አ. ከ2020 አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ 2025 ቆየ። በመጨረሻ ያገኘው የደህንነት ተመራማሪ ነው፤ ክፉ ሰው እንዳይቀድመው ብሎ 300 ዶላር ከፍሎ ስሙን አስመዘገበው።

ይህን ያህል ዓመት እንዴት ሳይታይ ቀረ? አራቱ በትክክል ይሠሩ ነበር። አንዱ ካልመለሰ ጥያቄው ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ገጹም ይከፈታል። አስፈሪው ግን የተሳሳተውን ስም ሌላ ሰው ሲይዘው ነው። ከጎብኚዎቻችሁ ከፊሉን ወደፈለገበት ይመራል፣ ኢሜይላችሁን ይቀበላል። በስማችሁ ትክክለኛ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት (ድረገጹ የእናንተ መሆኑን ለብራውዘር የሚያረጋግጥ) እስከማውጣትም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የብራውዘሯ ቁልፍ ምልክት አታድናችሁም።

ለትንሽ ድረገጽ የኔ ምርጫ ዶሜይን የሚሸጠውና ዲኤንኤስ የሚያስተዳድረው ክላውድፍሌር ነው። ዶሜይኑን እዚያው ከገዛችሁ ኔምሰርቨሩ ተሞልቶ ይመጣል። መቀየር አለመቻሉ አንዳንዱን ያናድዳል፤ ለኔ ግን ጥቅሙ ይበልጣል። የአማዞን የዲኤንኤስ አገልግሎት ሩት 53ም ዶሜይኑ እዚያው ከተመዘገበ ራሱ ይሞላዋል። ከሌላ ቦታ ካመጣችሁት ግን ተጠንቀቁ። አራት ስሞች ይሰጣችኋል፣ መጨረሻቸውም ኮም፣ ኔት፣ ኦርግ እና ኮ ነጥብ ዩኬ ነው። አንዱ ቢቸገር ሌላው እንዲሠራ ታስቦ ስለሆነ ጎበዝ አሠራር ነው። ነገር ግን «ዩኬ» ከተረሳች የቀረው «ኮ» የኮሎምቢያ ዶሜይን ነው! ኮፒ ፔስት አድርጉ፣ ከዚያም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ።

ለመፈተሽ ዞንማስተርን እመክራለሁ። የስዊድንና የፈረንሳይ ዶሜይን አስተዳዳሪዎች የሠሩት ነጻ መሣሪያ ነው። የማይመልስ ኔምሰርቨር ካለ ይነግራችኋል። ስሙን ሌላ ሰው ይዞት አስመስሎ እየመለሰ ከሆነ ግን ላያስታውቅ ስለሚችል ዝርዝሩን በዓይናችሁ አንብቡ። ለብቻቸው ኔምሰርቨር የተሰጣቸው ሰብዶሜይኖች (በዋናው ስም ሥር ያሉ ንዑስ ስሞች) ካሏችሁ እነሱንም ለየብቻ አስገቡ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ዲኤንኤስሴክንም (የዲኤንኤስ መልሶች ላይ ዲጂታል ፊርማ የሚያኖረውን ጥበቃ) አብሩ። የውሸቱ ሰርቨር የፊርማ ቁልፋችሁ ስለሌለው ፊርማ የሚያረጋግጡ ሪዞልቨሮች (ጎብኚውን ወክለው ኔምሰርቨሩን የሚጠይቁ ሰርቨሮች) መልሱን አይቀበሉትም። ሁሉም አያረጋግጡም እንጂ። የፊርማው ሰንሰለት መያያዙን ለማየት ዲኤንኤስቪዝ በሥዕል ስለሚያሳይ ከዞንማስተር ይቀላል።

ስህተት አግኝታችሁ ካረማችሁ በኋላም ወዲያው አትዘናጉ። ዶሜይናችሁ ነጥብ ኮም ከሆነ የድሮው የኔምሰርቨር መረጃ በየሪዞልቨሩ እስከ 48 ሰዓት ሊቀመጥ ይችላል።