በጽጌረዳዬ ላይ የወጣው ጥቁር ነጠብጣብ መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኘው ግቢዬ አጥር ሥር ከተከልኋቸው ስድስት የጽጌረዳ ቁጥቋጦዎች በአራቱ ላይ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶ፣ ዙሪያው ቢጫ እየሆነ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ ይረግፋል። ነጠብጣቡ በጣት ሲጠረግ አይለቅም፤ በለጋው ቀንበጥ ላይ ያለው ዱቄት መሰል ነጭ ነገር ግን ስለሚለቅ፣ ሁለት የተለያዩ ፈንገሶች ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ። አጠጋግቼ መትከሌ ጥፋቱ የራሴ ነው። የረገፈውን ለቅሜ አቃጥያለሁ፤ ከመድኃኒት መሸጫ የተሰጠኝን ማንኮዜብ የተባለ ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ብረጭም ዝናቡ ያጥበዋል። ማንኮዜቡ የሚከላከለው ገና ያልተያዘውን ቅጠል ብቻ ከሆነ፣ ለነጩ ዱቄት ድኝ ልጨምርበት ወይስ ለየብቻ ልርጭ? ቅርንጫፉንስ አሁኑኑ ላሳሳ ወይስ ዝናቡ እስኪያባራ ልጠብቅ? ልጆች አበባውን ስለሚቀጥፉ፣ ከርጭት በኋላ ስንት ቀን ላርቃቸው እንደሚገባም ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።