ጥቆማ፦ መኪናም ስልክም ስትገዙ ስሙን ብቻ አትመኑ

የመኪና ስም አወጣጥ ላይ ክርክር ከተነሳ እኔ የቶዮታ ወገን ነኝ። ኮሮላ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ኮሮላ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሲደርሱ ግን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ «ቢዜድ4ኤክስ» ብለውት አረፉ። የዋይፋይ ፓስወርድ ነው የሚመስለው። አውዲ ደግሞ ይብሳል። ተጋማሽ ቁጥር ለኤሌክትሪክ፣ ኢተጋማሹ ለነዳጅ ይሁን ብሎ ኤ4ን በኤ5 ተካና በ2025 መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን ሻረው። ትዊተርም ኤክስ ከተባለ ከ2023 ወዲህ ሰው ትዊተር ማለቱን መች ተወ?

ይሄ እንኳን ለጨዋታ ነው። ኪስ የሚነካው አንዱ መኪና በየአገሩ ሌላ ስም መያዙ ነው። ቪትዝ ከጃፓን ውጪ ያሪስ ነው (ከ2020 ወዲህ ጃፓንም ያሪስ ብላዋለች)፤ ዴሚዮ ማዝዳ 2 ነው፤ ፓጄሮ ስፔን ውስጥ ሞንቴሮ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሾገን ነው። ዩቲዩብ ላይ የጥገና ቪዲዮ ስትፈልጉ ሁለቱንም ስም ሞክሩ፤ በአንዱ ያጣችሁት በሌላው ሊገኝ ይችላል።

የተገላቢጦሹ ይከፋል፤ ስሙ አንድ፣ መኪናው ሁለት። «የቪትዝ ዕቃ» ስትሉ የትኛው ቪትዝ? ባለ አንድ ሺ ሲሲው የመጀመሪያው ትውልድ ኮዱ ኤስሲፒ10፣ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር 1ኤስዜድ ነው። ተከታዩ ኬኤስፒ90 ሲሆን ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር 1ኬአር ነው። ሁለቱም ኋላቸው ላይ «ቪትዝ» ይላል፤ የሞተር ዕቃቸው ግን አይገናኝም። ኮዱ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር መኪናው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ሳህን ላይ አለ። ሻጩ ኮዱን ሳይጠይቅ «አለ፣ ና ውሰድ» ካለኝ እኔ ሌላ ጋ ነው የምሄደው።

ስልክም ያው ነው። ጋላክሲ ኤስ22 ስላላችሁ ብቻ ሁሉም አንድ አይደለም፤ ኤስኤም-ኤስ901ቢ የሚለው ኤግዚኖስ፣ ኤስኤም-ኤስ901ዩ የሚለው ደግሞ ስናፕድራገን ፕሮሰሰር ነው ያለው። ሴቲንግ ገብታችሁ ሞዴል ቁጥሩን ሳታዩ ዋጋ አትነጋገሩ። አይፎን 15 እና 15 ፕሮም ቀዳዳቸው ያው ታይፕ-ሲ ነው፤ ዳታ ሲያስተላልፉ ግን 15 በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ 15 ፕሮ እስከ 10 ጊጋቢት ይሄዳል። ቻርጅ ብቻ ለሚያደርግ ሰው ምንም ለውጥ የለውም።

የሳህኗን ፎቶ ለዕቃ ሻጭ ስትልኩ በቴሌግራም «ፋይል» ብላችሁ ላኩት። እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ በዘይትና በአቧራ የደበዘዘ ጽሑፍ ላይ 8 እና 3 መለየት ያቅታል። ዋትስአፕም «ዶክመንት» በሚለው በኩል ሳይነካው ያደርሳል፤ ግን የቆየ ፎቶ መልሶ ለማግኘትና ከኮምፒውተር ላይ ለመሥራት ቴሌግራም ይመቸኛል። መታወቂያና የባለቤትነት ወረቀት ሲሆን ግን በዋትስአፕ ነው የምልከው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ ነው የሚሄደው፤ ቴሌግራም ላይ ይሄን የምታገኙት «ሲክሬት ቻት» ስትከፍቱ ብቻ ነው፣ ብዙ ሻጭ ደግሞ እሱን መክፈት ይሰለቸዋል።