ኩሬዬ ዳር ሌሊት የሚመጣው ምን ይሆን?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። ጎንደር፣ ደምቢያ ውስጥ ወደ ጎርጎራ መውረጃ ላይ ትንሽ የዓሣ ኩሬ አለችኝ። የማረባው ቆሮሶ ነው።

የቀኑን እንግዶች አውቃቸዋለሁ። ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ባለበት ክንፉን ሲያርገበግብ ይቆይና ቁልቁል ይወረወራል። የሚወስደው ትንንሹን ስለሆነ ብዙም አልከፋም፤ እንዲያውም እሱን ማየት ሱስ ሆኖብኛል። አርጃኖም (ውሃ ዳር የሚኖረው ትልቁ እንሽላሊት) ፀሐይ ሊሞቅ ብቅ ይላል።

ችግሬ የሌሊቱ ነው። ጠዋት ጭቃው ላይ ባለ አምስት ጣት ዱካ አገኛለሁ፤ የጥፍር ምልክት የለውም። አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ ደግሞ የዓሣ ቅርፊትና የደቀቀ የሸርጣን ልጣጭ የሞላበት ዓይነ ምድር። አርጃኖ ነው እንዳልል እሱ የቀን እንስሳ ነው፣ ጥፍሩም ጭቃውን ይቧጭራል። ጎረቤቶቼ ሸለምጥማጥ ነው ይላሉ፤ አልተዋጠልኝም። እኔ የጠረጠርኩት ጥፍር አልባውን ኦተር ነው፤ እየዋኘ ዓሣና ሸርጣን የሚያድነውን ባለ ፀጉር እንስሳ።

አንዱ «መርዝ አድርግበትና ተገላገል» አለኝ። ጭራሽ! ውሃው ውስጥ ያሉት የምበላቸው ዓሦች ናቸው እኮ።

እስቲ ጣና ዳር ኦተር በዓይኑ ያየ ካለ ይንገረኝ። ሳላስደነግጠው ሌሊት እንዴት ልየው? ቀይ መብራት ይሻላል ወይስ ካሜራ ማጥመድ? ኩሬውን በአጥር መረብ ብከልለውስ ከሥር ቆፍሮ ይገባል? ዱካውን ከክብሪት ሳጥን ጎን ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ለሚያውቅ ሰው እልካለሁ።