በረጅም ሕመም ላይ ያለን ወንድም እንዴት እናጽናናው?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የሰንበቴያችን አባል የሆነ ጎረቤቴ ኩላሊቱ ከታመመ ወዲህ ለእጥበት ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳል። በመጀመሪያው ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ይጨናነቅ ነበር፤ አሁን ግን ብቅ የሚል የለም፤ እሱም ከቅዳሴ ቀርቷል። በቅርቡ አንድ ጠያቂ «እግዚአብሔር የሚወደውን ይፈትናል» ሲሉት ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር አየሁ። ምን ብዬ ላጽናናው?

መልስ (ከሞላሌ)፦
የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሕመሙ እጅግ እንደ በረታ ባዩ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ ተቀምጠዋል (ኢዮ. 2፥13)። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ኃጢአት ይፈልጉለት ከጀመሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ሄደው ይቀመጡ፤ ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ ያጫውቱት። ሕመምተኛ ሁልጊዜ ስለ ሕመሙ ብቻ መጠየቅ ይሰለቸዋል።

መልስ (ከደብረ ሲና)፦
እውነት ነው፤ ሆኖም ዝምታ የመሳፈሪያ ገንዘብ አይሆንም። ዕድራችን ለሞት የተደራጀ ነው፤ ድንኳኑም ድስቱም የሚወጣው ሰው ካረፈ በኋላ ሲሆን፣ ለዓመታት ለሚቆይ ሕመም ግን አብዛኛው ዕድር ሥርዓት የለውም። እጥበት በአብዛኛው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚደረግ ነው፤ ከእናንተ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን አንድ ቤተሰብ ለብቻው አይችለውም። የወንድሜ ባለቤት በታመመች ጊዜ ሰንበቴው ተራ አውጥቶ አንዱ አብሯት ሲሄድ ሌላው አዝመራዋን ይሰበስብላት ነበር፤ ገንዘቡም በማኅበር ፊት ስሟ ሳይነሣ በሙሴው (በሰንበቴው መሪ) እጅ ይደርሳት ነበር። «ከባድ ሸክማችሁን እርስ በርሳችሁ ተሸከሙ» (ገላ. 6፥2) የተባለው በእጅና በእግር የሚፈጸም ትእዛዝ ይመስለኛል።

መልስ (የመንዝ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ)፦
ጥቅስ ፈጽሞ አይነሣ ማለት ግን ተገቢ አይደለም። ዳዊት ራሱ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽሞ ትረሳኛለህ?» እያለ ጸልዮአል፤ እንዲህ ያለውን መዝሙር አብሮት ለሚያነብለት ሰው ጎረቤትዎ ፊቱን የሚያዞር አይመስለኝም። ከቅዳሴ በመቅረቱም አይውቀሱት፤ እጥበት ሰውነትን ያዝላል፣ ቆሞ ማስቀደስም ይከብዳል። ይልቁንም የንስሐ አባቱ ቤቱ ድረስ መጥተው እንዲጸልዩለት ይንገሩልን። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ልውሰድህ የሚለው ቢኖር መልካም ነው፤ እጥበቱን ተው የሚለውን ግን አይስሙት፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ይናገራልና። የኩላሊት ሕመምተኛ የሚጠጣው ፈሳሽ ስለሚመጠን፣ ከጸበሉ ምን ያህል ሊጠጣ እንደሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተራውን ነገር በመጪው እሑድ ለሙሴያችን አቀርባለሁ። ባለቤቱም በጣም ደክማለችና፣ እሱን ይዛ በምትሄድበት ቀን ልጆቹ እኛ ቤት እንዲውሉ ከሚስቴ ጋር ተነጋግረናል።