የድሮ ቤት መብራት ሲያስቸግር ማን ይጠራ? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። አቃቂ አንድ የቆየ የጭቃ ቤት ገዝተን ገባን። መብራቱ ግን ግራ አጋባን። የሳሎኑን ማብሪያ ስነካ የጓዳው ይበራል። ፍሪጁን በባዶ እግር ከነኩት ይነዝራል። ምጣድ ስንሰካ ቴሌቪዥኑ ድርግም ይላል። የምታምኑት ኤሌክትሪሺያንና ደህና ዕቃ የሚገኝበት ጠቁሙኝ። ሙሉውን አስቀይሪ ይሉኛል፤ አሁን አቅሙ የለም።

መልስ ከቃሊቲ፦
እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ከሁሉ በፊት ፍሪጁን ዛሬውኑ ንቀዪው። ነዘረኝ ብሎ ጫማ አድርጎ መክፈት የሁላችንም አመል ነው፣ እኛ ቤትም ለፍሪጁ ብቻ የተመደበ ነጠላ ጫማ ነበር። ግን ልጅ ጫማ አያደርግም።

አባቴ ያወረሰን ቤት ልክ እንዳንቺው ነው። ክፍል በተጨመረ ቁጥር ከቅርብ ካለው ሽቦ እየተቀጠለ የመጣ። ላዩ አቡጀዲ ኮርኒስ፣ ውስጡ አይጥ። ሽንት ቤት ያለው አምፖል ደግሞ ጠፍቶ ሌሊት ፍዝዝ ብሎ ይበራ ነበር። እናቴ ጠበል አስረጭታለች።

ሦስት ሰው አስመጣን። የመጀመሪያው ከሰፈራችን የሕንፃ መሣሪያ መደብር ደጃፍ የማይጠፋ ልጅ ነው። ቴስተር (ኃይል ሲነካ የሚበራ መፍቻ) እና ናስትሮ ይዞ መጣ፣ ማብሪያውን ቀየረ፣ ትንሽ ብር ተቀብሎ ሄደ። ሌሊት አምፖሉ ያው ነው። ሁለተኛው ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር ነው። ኮርኒስ እንኳ ቀና ብሎ ሳያይ፣ በር ላይ ቆሞ "ሙሉው ይነቀል" አለ። ዋጋውን ሲነግረን አባቴ ሻይ አስመጣለት እንጂ መልስ አልሰጠውም።

ሦስተኛው ቴክኒክና ሙያ የሚያስተምር፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ሰው ነው። መጀመሪያ የጠየቀን መሰላል ነው። ግማሽ ቀን ኮርኒስ ላይ ዋለ። ሲወርድ በደብተር ወረቀት የቤቱን ሽቦ ስሎልን ነበር፤ ወረቀቱ ዛሬም ቆጣሪው አጠገብ ተለጥፏል። የአምፖሉ ጉድ ይኸው፦ ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (መላሹን ሽቦ) ነው። ስለዚህ አምፖሉ ቢጠፋም ፌዙ እዚያው ነው፤ ኤልኢዲ ደግሞ በትንሽ ሾልካ በምትመጣ ኃይል ይፈዛል። የድሮው ክር አምፖል ቢሆን ኖሮ አናውቅም ነበር። ጠፍቷል ብሎ አምፖል የሚቀይር ሰው ግን ፌዝ ይነካ ነበር።

ስለዚህ ጥቆማዬ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው። ስም እዚህ አልጽፍም። አቅራቢያሽ ያለ ቴክኒክ ኮሌጅ ወይም ተግባረ ዕድ ሄደሽ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ አስተማሪ ጠይቂ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) አለህ ወይ በይው። መልቲሜትር (ቮልት የሚለካውን መሣሪያ) ሳይዝ ከመጣ ሻይ አጠጥተሽ ሸኚው። ቴስተር ብቻውን ያታልላል፤ ኃይል የሌለበት ሽቦ ላይም ይበራል። ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራት የሚቆርጠው) እየቆረጠ አስቸገረኝ ስትይው ተለቅ ባለ ልቀይርልሽ የሚልሽን ደግሞ ሻይም አታጠጪው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ 32 አምፒር ብሬከር ከተገጠመ፣ ሽቦው ኮርኒስ ውስጥ ሲግል ብሬከሩ ዝም ብሎ ያያል።

ምጣድሽ ወደ 3 ሺህ 500 ዋት ይበላል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር ገደማ ነው። ቴሌቪዥኑ የሚጠፋው መንገድ ላይ የላላ ቅጥያ ስላለ ይመስለኛል። እኛ ጋ ከፖል የመጣው አሉሚኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር እንዲሁ ተጠማዞ ነበር የተገናኘው፤ ናስትሮው ቀልጦ ጠቁሯል። ሙሉውን ባታስቀይሪም ለምጣዱ ብቻ ከብሬከር ሳጥን ቀጥታ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አስዘርጊ። ከፖል እስከ ቆጣሪው ያለው ግን የመብራት ኃይል ነው፣ 905 ደውዪ። ማሸጊያውን ማንም እንዲነካ አትፍቀጂ።

ዕቃውን ራስሽ ግዢ። መርካቶ ይረክሳል፣ ግን አስመስሎ የተሠራውም የሚበዛው እዚያ ነው። የሰፈር መደብር ትንሽ ይወደዳል፤ ሲበላሽ ግን መልሰሽ ትወስጃለሽ። ሽቦ ስትገዢ ጫፉን አስልጪና እይው፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በቢላ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ነው። ብሬከር ላይ ሽናይደርና ኤቢቢ ውድ ናቸው፣ ቺንት ኪስ አይጎዳም። ገንዘብ ካነሰሽ ከማብሪያው ጌጥ ላይ ቀንሺና በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጠውን የንዝረት መከላከያ ግዢ፤ ሻጮቹ አርሲዲ ይሉታል። የድሮ ቤት ሽቦ ከተደባለቀ ገና ሲገጠም መብራቱን ይቆርጣል። ያኔ ሠሪው "ይሄ ብልሽት ነው" ብሎ ሊያወጣው ይሞክራል። እሺ እንዳትዪ።

አስተያየት ከሰበታ፦
ወንድሜ፣ የሰፈር ልጆችን እንዲህ አታሳንሳቸው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሽታ ሽታ ሲል አስተማሪው ስልክ አያነሳም። የኛ ሰፈሩ ልጅ በፒጃማ ነው የሚመጣው። ደግሞ ስለ ኧርዝ (የሾለከውን ኃይል ወደ መሬት ስለሚወስደው ሽቦ) ምንም አላልክም፤ የፍሪጁ ዋና ጉዳይ እሱ አይደል?

መልስ ከቃሊቲ፦
ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። ለማታው የሰፈሩን ልጅ ስልክ እኔም አልሰረዝኩም። ሽታ ካለ ግን እሱ እስኪመጣ ዋናውን ብሬከር ማጥፋት ነው።

ኧርዙን ረስቼው ነው። አብዛኛው የድሮ ቤት ሶኬት ሦስተኛዋ ቀዳዳ ባዶ ናት። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለውም ሞልቷል። አንዳንዱ ሠሪ ደግሞ ኧርዙን ከኒውትራሉ ጋር እዚያው ሶኬቱ ውስጥ ያስረዋል። ይሄ ከባዶውም ይብሳል፤ ኒውትራሉ የላላ ቀን የፍሪጁ ቆርቆሮ ራሱ ፌዝ ይሆናል። መፍትሔው አንድ ሜትር ተኩል ያህል የመዳብ ዘንግ መሬት አስቀብሮ ለብቻው ሽቦ መሳብ ነው።

እህቴ፣ አቃቂም እንደኛው መረሬ አፈር ነው። ክረምት ጥሩ ይይዛል፣ በጋ ግን ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይለያል። ዘንጉን የወጥ ቤት ፍሳሽ አጠገብ አስቀብሪው። እኔ ከጥር ጀምሮ የልብስ እጣቢውን እዚያ ነው የምደፋው።