ለአካባቢ ምርጫ አስፈጻሚ ሰው ከየት ነው የምታመጡት? አበሉስ እንዴት ነው?

መዝጋቢዋ፦
ሰላም ወገን አንድ ነገር ላማክራችሁ። ለሚመጣው የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ አስፈጻሚ የመመልመሉን ሥራ እኔ ላይ ጥለውታል። 40 ጣቢያ ነው፣ ለእያንዳንዱ 5 ሰው ሲባል 200 ሰው ማለት ነው፣ እስካሁን እሺ ያለኝ ግን መቶም አይሞላም። ለትልቁ ምርጫ ሰዉ ራሱ እየመጣ ነው የሚመዘገበው፣ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ስለሚያወራ ሞቅ ይላል፣ የአካባቢ ሲሆን ግን "እሱም ምርጫ ነው እንዴ" የሚል ሁሉ አለ። ሥራው እኮ ያው ነው፣ መዝገቡም ያው ኮሮጆውም ያው።

ባለፈው ለሠሩት ስደውል ደግሞ አብዛኞቹ "አይ እኔ ይቅርብኝ" ነው የሚሉት፣ ለምን ስል በግልጽ የሚነግረኝ የለም። አለቆቼ "አበሉን ትንሽ ጨምሪና ማስታወቂያ ለጥፊ" ይላሉ፣ እኔ ግን ነገሩ የገንዘቡ ማነስ ብቻ አልመስልሽ አለኝ። እስቲ የሠራችሁ ሰዎች፣ ምን ቢደረግላችሁ ነው ድጋሚ የምትመጡት? ለሁሉም እኩል ይከፈል ወይስ በሰዓት? ስልጠናውስ?

ኮሮጆ ጠባቂ፦
እህቴ እኔ ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ፣ አንዴ መዝገብ ላይ አንዴ ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ፣ ሦስተኛ ሲደውሉልኝ ስልኩን አላነሳሁም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የተከፈለን "የአንድ ቀን" አበል ነው። ቀኑ ግን ምን ዓይነት ቀን መሰለሽ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ደርሰን ጠረጴዛ ስንገፋ፣ ገመድ ስንወጥር፣ ባዶውን ኮሮጆ ለታዛቢ አሳይተን ስናሽግ፣ ከዛ እስከ ማታ 12 ሰዓት ሰልፍ፣ ከዛ በሩ ተዘግቶ ነው እንግዲህ ዋናው ሥራ የሚጀመረው። የኛ ጣቢያ መዝገቡ ላይ የፈረመው ሰውና ከኮሮጆ የወጣው ወረቀት አልገጠመም፣ አንድ ጎደለ። በ50 በ50 አስረን የከመርነውን ሁሉ ፈትተን ቆጠርን፣ አሁንም አንድ ጎደለ። ታዛቢዎቹ መንጫጫት ጀመሩ፣ አንዱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ ብሎ ቆመ። ሦስተኛው ዙር ላይ መዝገብ ላይ የነበረችው ልጅ አንዷን ወረቀት በጥፍሯ ፈልቀቅ ስታደርጋት ሁለት ሆና ቁጭ፣ ለካ በቀለም ተጣብቃ ኖሯል። ቅጽ ሞልተን ዕቃ አስረክበን ቤቴ ስገባ ሌሊት 6 ሰዓት፣ ቁጠሪው፣ 19 ሰዓት ነው። ሁለቱ ቀን ስልጠናና ዋዜማውን ዕቃ ስንረከብ የዋልነው አልተቆጠረም።

ይሄም ይሁን ብዬ ነበር። የከፋው ያቺን የአንድ ቀን አበል ለመውሰድ አራት ወር መመላለሴ ነው። "ፋይሉ ፊርማ ላይ ነው" "ነገ ብቅ በል"... አበሉ በትራንስፖርት አለቀ ብልሽ አላጋነንኩም። ስለዚህ ጨምረናል ብለሽ ብትለጥፊ እኔን አያመጣኝም፣ መቼ እንደሚከፈል ቀኑን ከጻፍሽ ግን አስብበታለሁ።

ደረሰኝ፦
እኔ ደግሞ ከዛኛው ወገን ነኝ፣ ሂሳብ ላይ ነው የምሠራው፣ በአበል ምክንያት ያልተሰደብኩት ስድብ የለም። ለምን እንደሚዘገይ ልንገራችሁ፣ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ስለሌለ አይደለም። ጠዋት ላይ የቀረ ሰው ይኖርና ጣቢያ ኃላፊው በር ላይ ካገኘው ሰው ይተካል፣ ደግ አደረገ፣ ግን ለኛ የተላከው ሊስት ላይ ያለው የቀረው ሰውዬ ስም ነው። በዛ ላይ መታወቂያው ላይ ያለው ስምና የባንክ ሂሳቡ ስም በአንድ ፊደል ይለያይና ዝውውሩ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ሰው ሳይስተካከል ደግሞ ሊስቱ በሙሉ ቁጭ ይላል። እና መዝጋቢዋ፣ ስሙንና የሂሳብ ቁጥሩን ስልጠናው ቀን ላይ እዛው ራሱ ባለቤቱ አይቶ ያረጋግጥ፣ የተስተካከለው ሁሉ ይከፈለው፣ የተበላሸው ብቻ ለብቻው ይቆይ። ባዶ ሊስት ላይ ደግሞ ማንንም እንዳታስፈርሚ፣ "ፈርሙና በኋላ ይሞላል" የሚባለው ነገር ነው ሁሌም ጭቅጭቅ የሚያመጣው።

በሰዓት ነው ወይስ እኩል ላልሽው፣ በሰዓት ሲባል ፍትሃዊ ይመስላል ግን ቆጠራውን ማን ሰዓት ይይዝልሻል፣ ደግሞ ሰዓት ጨመረ ብለው ቢያዘግሙስ። ጭራሽ አንድ ድፍን ክፍያ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ ይጣደፋል፣ ስህተት የሚመጣው እዛ ጋ ነው። እኔ ብሆን ስልጠናው ለብቻ፣ ዕቃ ርክክቡ ለብቻ፣ የምርጫው ቀን ለብቻ፣ ቆጠራው ለብቻ የተቆረጠ ሂሳብ አደርግለታለሁ፣ ለኃላፊውም ትንሽ ከፍ ይላል ምክንያቱም የሚጠየቀው እሱ ነው። ግብር የሚቆረጥም ከሆነ እጅ ላይ የሚገባውን ነው መናገር፣ በኋላ ጎደለብኝ እንዳይል።

ዕጣ ይውጣ፦
ለምን ልመና ያስፈልጋል፣ ዕጣ ነዋ! ስፔን ውስጥ የጣቢያ ሰብሳቢውና ሁለቱ አባላት ከመራጮች መዝገብ በዕጣ ነው የሚወጡት፣ መቅረት ደግሞ ያስቀጣል። ሜክሲኮም በተወለድክበት ወርና በስም ፊደል ዕጣ አውጥተው ነው የሚያሰለጥኑት። ጎረቤት ነው የጎረቤቱን ድምፅ የሚቆጥረው። ጀርመን ውስጥማ የክብር ሥራ ስለሆነ የሚሰጠው ገንዘብ ስሙ ራሱ "የማደሻ ገንዘብ" ነው፣ ሻይ ቡና ማለቻ እንደማለት ሃሃ

መዝጋቢዋ፦
ዕጣ ይውጣ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል ግን እኔ ሰው የማስገድድበት ሕግ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ 😀

የማታ ተረኛ፦
የስፔኑን ካነሳችሁ አይቀር ጥሩ ጥሩውን ልጨምር፣ ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሁለት ተጠባባቂ አብሮ ይወጣል፣ የሠራው ተቀጣሪ ደግሞ በማግስቱ ከሥራ 5 ሰዓት ይቀነስለታል። ብራዚል ይበልጣል፣ ለምርጫ ሥራ በዋልክበት ቀን ልክ እጥፍ ዕረፍት ከአሠሪህ ታገኛለህ፣ ስልጠናውም ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ያለ ሕግም ቢሆን ከመሥሪያ ቤቶች ጋር ተነጋግሮ ማስፈቀድ ይቻላል፣ አንዳንድ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ በማግስቱ መተኛት ነው የሚፈልገው።

መተኛት ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2019 የፕሬዚዳንቱንም የምክር ቤቶቹንም አምስት ዓይነት ወረቀት በአንድ ቀን አስመረጠችና በመቶዎች የሚቆጠሩ አስፈጻሚዎች ሞቱ፣ ብዙዎቹ ከድካም ጋር የተያያዘ ነው የተባለው፣ በእድሜ የገፉና ሕመም ያለባቸው ነበሩበት። ለ2024ቱ እድሜውን እስከ 55 ገደቡት፣ የጤና ማስረጃም ጠየቁ፣ ክፍያውንም ከፍ አደረጉት። መዝጋቢዋ፣ ጡረተኛ ትመለምያለሽ አይደል? ጡረተኛ መዝገብ ላይ ወርቅ ነው፣ ሰው አያጉላላም ፊደል አይሳሳትም፣ ግን ለቆጠራው ትኩስ ሰው አስገቢ። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የሚመጣ የቆጠራ ቡድን ቢኖርሽ ለተማሪዎችም ይመቻል። ተጠባባቂ ስትይዢም ሙሉ ቀን ስልኩን ከፍቶ ለሚቀመጥ ሰው ባይጠራም የሆነ ነገር ክፈይው፣ በነጻ የሚጠባበቅ ሰው ጠዋት ስትደውይለት ዝግ ነው።

ኮሮጆ ጠባቂ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። የአካባቢ ምርጫ ላይ ተወዳዳሪው የአንዷ አጎት የአንዱ አከራይ ነው የሚሆነው። የፓርቲ አባል ነህ ወይ ብሎ ማስፈረም አይበቃም፣ ዘመድ አለህ ወይ በይው፣ ካለው ሌላ ጣቢያ ውሰጂው። ርቆ ከሄደ ግን ትራንስፖርቱ ከአበሉ እንዳይነካ።

መዝጋቢዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኮሮጆ ጠባቂ ያልከውን ካነበብኩ በኋላ ይቅርብኝ ካሉኝ ለሦስቱ መልሼ ደወልኩ፣ "ያለፈው ተከፍሏችኋል ወይ" ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። አንዷ ተከፍሏታል፣ በስድስት ወሩ። አንዱ የስልጠናው ቀርቶበታል። ሦስተኛው ጭራሽ አልተከፈለውም፣ በሌላ ሰው ቦታ ጠዋት የተተካ ነው። "መጀመሪያ የድሮውን ስጡኝ፣ ከዛ ከንጋቱ 10 ሰዓትም ጥሩኝ እመጣለሁ" አለኝ። ነገ ሂሳብ ክፍል ልሄድ ነው።

ደረሰኝ፦
ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ። የዛን ቀን የጣቢያውን ቃለ ጉባኤ ኮፒ ያዢ፣ ቆጠራው ላይ የፈረሙት ሰዎች ስም እዛ ላይ አለ። እሱን ከክፍያ ሊስቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪው።